መዓዛማ የእግር መታጠቢያ ኳስ አሠራር
ከ13 እስከ 18 ዓመት ከሆናቸው ወጣቶች ጋር የሚሠራ የእጅ ሙያ ትምህርት



በዚህ እትም የእጅ ሙያ ዓምዳችን ለወጣቶች፣ እንዲሁም ወጣቶችን ለሚያስተምሩ ወላጆች፣ መምህራንና የወጣት ቡድን መሪዎች የሚሆን ትምህርት ይዘን ቀርበናል። ትምህርቱ ውሃ ውስጥ ሲገባ እየፈላ አረፋ የሚያወጣና መልካም መዓዛ የሚሰጥ የመታጠቢያ ኳስ በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚዘጋጅ የሚያሳይ ነው።

አንዳንድ አንባቢዎቻችን «ራሽን በሚጠበቅበት፣ ለውሃ ሰልፍ በሚያዝበት ካምፕ መዓዛ ያለው ኳስ መሥራት ቅንጦት አይደለም ወይ?» ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን ግን ይህ ነው። የትምህርቱ ዋና ዓላማ ኳሱ አይደለም፤ መለካት፣ መጠበቅና መመዝገብ ነው። አንድ ወጣት እነዚህን ሦስት ነገሮች ከያዘ ነገ ሳሙና ሊሠራ፣ ዳቦ ሊጋግር ወይም በክሊኒክ መድኃኒት ቤት ሊረዳ ይችላል። ካልያዘ ግን የትኛውም ሙያ አይዘልቅለትም። እነዚህን ነገሮች ስህተቱ ብዙ በማይጎዳበት ሥራ ላይ ማስተማር ይሻላል ብለን እናምናለን።

1. ነገሩ ምንድን ነው? ከየትስ መጣ?

ይህ ዓይነቱ ኳስ ዛሬ በብዙ አገሮች ሱቆች ይሸጣል። መጀመሪያ የሠራችው ሞ ኮንስታንታይን የተባለች እንግሊዛዊት ናት፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. በ1989 ዓ.ም. ነው። ሐሳቡን ያገኘችው ውሃ ውስጥ ሲጨመር ከሚፈላው አልካ ሴልዘር ከሚባለው ክኒን ነው። በኋላም ከባልደረቦቿ ጋር ላሽ የሚባለውን የመታጠቢያ ዕቃዎች ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1995 ዓ.ም. መሠረተች።

እንግሊዞች ለዚህ ነገር የሰጡት ስም «የመታጠቢያ ቦምብ» የሚል ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ስሙን አንጠቀምበትም። ከጦርነት ሸሽቶ በመጣ ቤተሰብ ዘንድ ይህ ቃል ሌላ ነገር ያስታውሳል። ከዚህም በላይ ልጆች በገበያና በፍተሻ ቦታ እየጮኹ የሚጠሩት ስም እንዲሆን አንፈልግም። ስለዚህ በአጭሩ «የመታጠቢያ ኳስ» እንለዋለን። የቡድን መሪዎችም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በዚሁ ስም እንዲያስተምሩ አደራ እንላለን።

2. ለምን ለእግር?

ኳሱ በተፈለሰፈበት አገር ሰው የሚታጠበው በገንዳ ተኝቶ ነው። አንድ ገንዳ ለመሙላት እስከ 150 ሊትር ውሃ ያስፈልጋል፤ ይኸውም በእኛ ጀሪካን ሲቆጠር ሰባት ጀሪካን ተኩል መሆኑ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን መመዘኛ ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር መሆኑን ስናስብ በገንዳ መታጠብ ለእኛ የሚታሰብ አይደለም።

እግር ለማጠብ ግን አንድ ሳፋና ከአራት እስከ አምስት ሊትር ውሃ ይበቃል። እግር ማጠብ ደግሞ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። መንገደኛ ቤት ሲገባ እግሩን ማጠብ፣ ልጅ ማታ የአባቱንና የእናቱን እግር ማጠብ አገራችን ካስተማረችን የአክብሮት ልማዶች አንዱ ነው። በካኩማና በካሎቤየይ አቧራና ሙቀት ውስጥ በነጠላ ጫማ ውሎ ለሚገባ ሰው፣ ተረከዙም ለተሰነጠቀ ሰው፣ ሳፋው ዕረፍት ነው። ወጣቱ የሠራውን ኳስ መጀመሪያ የሚሞክረው በእናቱ ወይም በአያቱ እግር ላይ ቢሆን ደስ ይለናል።

3. የሚፈላው ለምንድን ነው?

ይህን ክፍል መምህሩ ሳይዘለው እንዲያስተምር እንመክራለን። ምክንያቱን የማያውቅ ሠራተኛ ሥራው ሲበላሽ መጠገን አይችልም።

በኳሱ ውስጥ ሁለት ዋና ዱቄቶች አሉ። አንደኛው በዳቦና በኬክ ሥራ የሚታወቀው ቤኪንግ ሶዳ ነው። ሁለተኛው ሲትሪክ አሲድ ሲሆን ለሎሚ ጎምዛዛነቱን የሚሰጠው ይኸው ነው። ሲትሪክ አሲድን ከሎሚ ጭማቂ ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ ያወጣው ስዊድናዊው ኬሚስት ካርል ቪልሄልም ሼሌ ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1784 ነው።

ሁለቱ ዱቄቶች ደረቅ ሆነው ሲቀላቀሉ ምንም አይሆኑም። ውሃ ሲያገኙ ግን እርስ በርስ ይዋሐዱና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። የምናየው አረፋ ይህ ጋዝ ነው። ለስላሳ መጠጥ ጠርሙሱ ሲከፈት የሚያስፈልቀውም ይኸው ጋዝ ነው።

እዚህ ላይ ወጣቶቹ በደንብ ሊይዙት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ሁለቱ ዱቄቶች ሲዋሐዱ ከጋዙ ጋር ውሃም ይፈጠራል። ይህ አዲስ ውሃ ደግሞ ያልተነካውን ዱቄት ያስነሣል፤ እሱም ሌላ ውሃ ይፈጥራል። ስለዚህ ስንቀላቅል በስህተት የጨመርነው ትንሽ ውሃ በዚያው አይቆምም፤ ዱቄቱን በሙሉ ቀስ በቀስ ይበላዋል። በዚህ ሥራ ውሃ በጠብታ የሚለካው ለዚህ ነው።

የሎሚ ጭማቂ ወይም ኮምጣጤ በሲትሪክ አሲድ ምትክ መጠቀም ይቻላል ወይ የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። አይቻልም። ሁለቱም ጎምዛዛ ቢሆኑም ፈሳሽ ስለሆኑ ዱቄቱ በሳህኑ ውስጥ ፈልቶ ያልቃል፤ ለሳፋው የሚተርፍ አይኖርም።

4. የሚያስፈልጉ ነገሮች

እያንዳንዳቸው 50 ግራም ገደማ የሚመዝኑ ስምንት ኳሶችን ለመሥራት የሚከተሉት ያስፈልጋሉ፡-

ሀ. ቤኪንግ ሶዳ 200 ግራም
ለ. ሲትሪክ አሲድ 100 ግራም
ሐ. የበቆሎ ስታርች 50 ግራም
መ. ደቃቅ የገበታ ጨው 50 ግራም
ሠ. መዓዛ የገባበት የምግብ ዘይት 2 የሻይ ማንኪያ
ረ. ንጹሕ ውሃ ጥቂት ጠብታ

ሚዛን በሌለበት በቡና ስኒ መስፈር ይቻላል። አራት ስኒ ሶዳ፣ ሁለት ስኒ ሲትሪክ አሲድ፣ አንድ ስኒ ስታርችና አንድ ስኒ ጨው ይሆናል። ስኒው ለሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን፤ ሲሞላም አፉ በቢላዋ ጀርባ ይስተካከል።

የሶዳው መጠን የበዛው ያለ ምክንያት አይደለም። 100 ግራም ሲትሪክ አሲድ ሙሉ በሙሉ እንዲዋሐድ 130 ግራም ገደማ ሶዳ ይበቃዋል። 200 ግራም የምናደርገው አሲዱ በሙሉ ተዋሕዶ እንዲያልቅና ቆዳ የሚያቃጥል ትርፍ አሲድ በሳፋው ውስጥ እንዳይቀር ነው። ስታርቹና ጨው ዱቄቱን ያያይዛሉ፣ ያጠነክራሉ። ዘይቱ መዓዛውን ይሸከማል፤ ለተሰነጠቀ ተረከዝም ጥቂት ልስላሴ ይሰጣል።

ሲገዛ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ቤኪንግ ፓውደር ቤኪንግ ሶዳ አይደለም። ቤኪንግ ፓውደር አሲድ አስቀድሞ የተቀላቀለበት ስለሆነ ልኬታችንን ያበላሸዋል። ሁለተኛ፣ በኬንያ ገበያ ማጋዲ እየተባለ የሚሸጠው የሐይቅ ሶዳ በዚህ ሥራ ውስጥ አይገባም። ማጋዲ በመልኩ ቢመስልም ከቤኪንግ ሶዳ የበረታ ስለሆነ ቆዳ ያደርቃል፣ ዓይንንም ይጎዳል።

ከዕቃ ደግሞ ደረቅ የፕላስቲክ ወይም የብርጭቆ ሳህን፣ ወንፊት፣ የሻይ ማንኪያ፣ ለቅርጽ የሚሆን ለስላሳ የቡና ስኒ፣ ንጹሕ ወረቀትና ክዳን ያለው ቆርቆሮ ይዘጋጅ። አሉሚኒየም ሳህን አይሁን፤ አሲዱ ይበላዋል።

አንድ ማሳሰቢያ አለን። የራሽን ዘይት ለዚህ ሥራ አይወጣም። ለአንድ ዙር የሚያስፈልገው ሁለት የሻይ ማንኪያ ብቻ ስለሆነ ቡድኑ ትንሽ ጠርሙስ በጋራ ይግዛ።

5. የመዓዛው አዘገጃጀት

ከውጭ የሚመጡት ኳሶች በፋብሪካ የሽቶ ዘይት ይሠራሉ። እኛ ግን አገር ቤት የምናውቃቸው፣ በካምፕም በጓሮና በገበያ ሊገኙ የሚችሉ ዕፀዋት አሉን። ለዚህ ሥራ የሚስማሙት ጠጅ ሣር፣ በሶብላ፣ ናናና የጽጌረዳ ቅጠል ናቸው።

መዓዛውን ወደ ዘይት ለማስገባት ከሥራው አንድ ቀን ቀደም ብሎ እንዲህ ይደረጋል። በጥላ ሥር በደንብ የደረቀ ቅጠል ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ደቁሱ። በግማሽ ስኒ ዘይት ውስጥ ጨምሩት። ስኒውን ከእሳት በወረደ ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጡና ለአንድ ሰዓት ያህል ይቆይ፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ በሌላ ሙቅ ውሃ ተኩት። ሲቀዘቅዝ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት። ቅጠሉ የግድ የደረቀ ይሁን። እርጥብ ቅጠል ውሃውን ይዞ ወደ ዘይቱ ይገባል፤ ውሃ ደግሞ በዚህ ሥራ ጠላት መሆኑን ከላይ አይተናል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ አደጋ መንገር ይገባናል። ጤና አዳምና የሎሚ ልጣጭ መዓዛቸው የሚወደድ ቢሆንም ለዚህ ሥራ አይሆኑም። በሁለቱም ውስጥ ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ቆዳን የሚያቃጥል ንጥረ ነገር አለ። በእነሱ የታጠበ እግር በጠንካራ ፀሐይ ላይ ቢወጣ ሊቀላ፣ ውሃ ሊቋጥርና ለብዙ ጊዜ የማይለቅ ጥቁር ምልክት ሊይዝ ይችላል። ቅርንፉድና ቀረፋም የአንዳንድ ሰዎችን ቆዳ ስለሚያሳክኩ ይቅሩ። ጤና አዳም በቡና ስኒ ውስጥ፣ ቀረፋና ቅርንፉድ በሻይ ውስጥ ቦታቸውን ይዘው ይቆዩ።

ቀለም መጨመርም አያስፈልግም። እርድ እግርንም ሳፋንም ያቀልማል። ደማቅ ቀለም ያለውና ጥሩ የሚሸት ኳስ ደግሞ ለሕፃን ከረሜላ ይመስለዋል።

6. አሠራሩ

ሀ. ሁሉም እጁን ታጥቦ በደንብ ያድርቅ። እርጥብ እጅ ዱቄቱን ያስነሣል።

ለ. ሶዳውን፣ ስታርቹንና ጨውን በወንፊት ነፍታችሁ በሳህኑ ውስጥ ቀላቅሉ። እብጠት ያለው ዱቄት ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

ሐ. ዘይቱን ጠብታ በጠብታ እየጨመራችሁ በጣታችሁ እሹት። ዱቄቱ የቅቤ ፍርፍር ያህል ልስላሴ ሲይዝ በቃው።

መ. ሲትሪክ አሲዱን በመጨረሻ ጨምሩና ቀላቅሉ። በመጨረሻ የሚጨመረው እስከዚያ ድረስ እርጥበት እንዳያገኘው ነው።

ሠ. አሁን ውሃውን በጣት ጫፍ እየነከራችሁ በአምስት በአምስት ጠብታ ርጩ፤ በእያንዳንዱ ጊዜም ፈጥናችሁ እሹ። ለዚህ መጠን ከግማሽ የሻይ ማንኪያ በላይ አያስፈልግም። ድብልቁን በእፍኝ ስትጨብጡት ቅርጹን ይዞ ከቀረ፣ በጣት ስትነኩትም ከተበተነ ልክ ነው። ድምፅ ማሰማት ከጀመረ በዝቷል፤ ውሃውን አቁሙና ፈጥናችሁ ወደ ቅርጽ ግቡ።

ረ. በደረቀው ስኒ ውስጥ ጥቂት በጥቂት እየጨመራችሁ በማንኪያ ጀርባ ጠቅጥቁ። በወረቀት ላይ ገልብጡና የስኒውን ቂጥ ቀስ ብላችሁ ምቱ። ኳሱ ይወጣል።

ሰ. ነፋስ በሚገባበት፣ ሕፃንና ዶሮ በማይደርሱበት ጥላ ቦታ በስስ ጨርቅ ሸፍናችሁ ለ24 ሰዓት አድርቁት። ከዚያ በፊት አይነካ። አብዛኛው ኳስ የሚሰበረው በጥድፊያ ነው።

ሸ. የደረቀውን በወረቀት ጠቅልላችሁ ክዳኑ በሚገጥም ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጡ። በኬንያ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ፌስታል መጠቀም በሕግ የተከለከለ ስለሆነ በፌስታል ጠቅልሎ መሸጥ ያስቀጣል።

ሲጠቀሙበት አንድ ኳስ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ይጣላል። አረፋው ሲያልቅ እግር ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይዘፈዘፋል። ከዚያም ከጣቶች መካከል ጭምር በደንብ ይደርቅና ጥቂት ዘይት ወይም ቫዝሊን ይቀባል። የተረፈው ውሃ ለመጸዳጃ ቤት ማጠቢያ ይሁን፤ ጨውና ሶዳ ስላለበት ለጓሮ አትክልት አይሆንም።

7. ሲበላሽ ምክንያቱ ምንድን ነው?

ኳሱ ሲደርቅ አብጦ እንደ እንጉዳይ ከሆነ ውሃው በዝቷል። ገና ሲገለበጥ ከተፈረካከሰ ውሃው አንሷል ወይም በደንብ አልተጠቀጠቀም። ከውጭ ጠንክሮ ሳፋ ውስጥ ሲገባ ዝም ካለ፣ እርጥበት አስቀድሞ አግኝቶት በቆርቆሮው ውስጥ ቀስ እያለ ፈልቶ አልቋል ማለት ነው። ዝናብ በሚጥልበት፣ የታራች ወንዝ በሚሞላበት ሰሞን ይህ ስለሚበረታ በዚያ ወቅት ሥራውን ማቆየት ይሻላል።

የተፈረካከሰው አይጣል። ዱቄቱን በደረቅ ቆርቆሮ አስቀምጦ በማንኪያ እየቀዱ ሳፋ ውስጥ መጨመር ይቻላል። አገልግሎቱ ያው ነው፤ የሚጎድለው ቅርጹ ብቻ ነው።

8. ጥንቃቄ

- የሲትሪክ አሲድ ብናኝ ዓይንና አፍንጫ ያቃጥላል። ሲነፋና ሲቀላቀል አፍና አፍንጫ በጨርቅ ይሸፈን። ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውሃ ይታጠብ፤ ማቃጠሉ ካልተወ ወደ ክሊኒክ መሄድ ያስፈልጋል።

- ድብልቁን ወይም ኳሱን ከውሃ ጋር በጠርሙስ ውስጥ አድርጎ መክደን ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ከአንዲት 50 ግራም ኳስ ከአራት ሊትር በላይ ጋዝ ሊወጣ ይችላል። መውጫ ያጣ ጋዝ ጠርሙሱን ይሰብረዋል፣ ስባሪውም ሰው ይጎዳል። ወጣቶች ይህን ለጨዋታ ሊሞክሩት ስለሚችሉ መምህሩ በመጀመሪያው ሰዓት በግልጽ ይንገራቸው።

- ቁስል፣ የተከፈተ ስንጥቅ ወይም የቆዳ በሽታ ያለበት እግር በኳሱ አይታጠብ። የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች እግራቸውን መዘፍዘፍ የለባቸውም። እግራቸው ሙቀትና ቁስል ላይሰማው ስለሚችል ለጉዳት ይጋለጣሉ።

- አዲስ መዓዛ ሲሞከር በመጀመሪያ ጥቂት ውሃ ውስጥ ተሟሙቶ በክንድ ውስጠኛ ክፍል ላይ ይቀባና እስከ ማግስቱ ይታይ። ያሳከከውና ያቀላው ሰው አይጠቀምበት።

- ኳሱ ሳሙና አይደለም። ከመጸዳጃ ቤት መልስና ምግብ ከመንካት በፊት እጅን በሳሙና መታጠብን አይተካም። የራሽን ሳሙና ሸጦ ኳስ መግዛትም ሆነ መሥራት የቤተሰብን ጤና አሳልፎ መስጠት ነው።

9. ትምህርቱ እንዴት ይሰጥ?

ለስምንት ወጣቶች አንድ አዋቂ ያስፈልጋል። ሴቶችና ወንዶች ልጆች አብረው ቢማሩ መልካም ነው። ሰዓቱ ከትምህርት ቤትና ከውሃ መቅጃ ሰዓት ጋር አይጋጭ፤ ሴቶች ልጆች በአብዛኛው የሚቀሩት በዚህ ምክንያት ነውና።

ስምንቱ በአራት በአራት ሆነው በሁለት ቡድን ይከፈሉ። በእያንዳንዱ ቡድን አንዱ መዛኝ፣ አንዱ ቀላቃይ፣ አንዱ ቅርጽ አውጪ፣ አንዱ ደግሞ መዝጋቢ ይሁን። በሚቀጥለው ጊዜ ሥራውን ይለዋወጡ። መዝጋቢነት እንደ ትንሽ ሥራ እንዳይታይ መምህሩ ይጠንቀቅ። በደብተሩ ላይ ቀኑ፣ የእያንዳንዱ ዕቃ መጠን፣ የውሃው ጠብታ ብዛት፣ የአየሩ ሁኔታና ውጤቱ ይጻፍ።

በመጀመሪያው ቀን የሚከተለው ሙከራ ይደረግ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶዳና ግማሽ የሾርባ ማንኪያ ሲትሪክ አሲድ ቀላቅላችሁ በሦስት እኩል ክፈሉት። በአንደኛው 2 ጠብታ፣ በሁለተኛው 5፣ በሦስተኛው 20 ጠብታ ውሃ ጨምሩ። ሦስቱን ጠቅጥቃችሁ እስከ ማግስቱ አስቀምጡ። ማግስት ወጣቶቹ የትኛው እንደቆመ፣ የትኛው እንደፈረሰ፣ የትኛው እንደፈላ በዓይናቸው ያያሉ። መምህሩ መልሱን አስቀድሞ አይንገራቸው። ልጁ በራሱ ጠብታ ያየውን አይረሳም።

10. ሂሳቡ

ሥራው ሲጠና «እንሽጠው» የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። መልካም ነው፤ ነገር ግን ሂሳቡ ከሽያጩ ይቅደም። የዕቃ ዋጋ በየሱቁ ስለሚለያይ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ለትምህርት ያህል ብቻ ውሰዱት።

ለስምንት ኳስ የዕቃው ወጪ 320 ሽልንግ ነው እንበል። ለወረቀትና ለመጠቅለያ በኳስ 5 ሽልንግ ቢወጣ 40 ይሆናል። ጠቅላላ ወጪ 360፣ ለአንድ ኳስ 45 ሽልንግ ማለት ነው። አንዱን በ60 ብንሸጥ ከስምንቱ 480 ሽልንግ እናገኛለን፤ ትርፉ 120 ነው።

አሁን ከስምንቱ ሁለቱ ቢሰበሩስ? የሚሸጡት ስድስት ናቸው። ስድስት ጊዜ 60 ደግሞ 360 ነው። ወጪው ተመለሰ እንጂ ትርፍ የለም፤ የአራት ልጆች የሁለት ቀን ድካም በከንቱ ቀረ። እንግዲህ ያ ከልክ በላይ የተጨመረ ውሃ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከዚህ ይታያል። ለወጣቶቻችን «ልኬታችሁን ጠብቁ» ብሎ ከመምከር ይልቅ ይህን ሂሳብ በሰሌዳ ላይ አብሮ መሥራት የበለጠ ያስተምራል።

ሽያጩ ከጎረቤት አልፎ ወደ ገበያ የሚወጣ ከሆነ የካውንቲውን የንግድ ፈቃድና የምርት ጥራት ደንብ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ መጠቅለያ ላይም የገባው ነገር ሁሉ፣ የተሠራበት ቀንና «አይበላም» የሚል ቃል ይጻፍበት። ጽሑፉ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በስዋሂሊም ቢሆን ገዢው ይረዳዋል።

11. ከዚህ በኋላስ?

እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ ኳስ ብቻ ቤተሰብ አይተዳደርም። ሰው ሁሉ በየዕለቱ የሚፈልገው ሳሙናን ነው፤ ሙያውም ወደዚያ ቢያድግ ይበጃል። ይሁን እንጂ ሳሙና የሚሠራው በኮስቲክ ሶዳ ነው። ኮስቲክ ሶዳ ቆዳን ያቃጥላል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ሊያሳውር ይችላል፤ ሁልጊዜ ሶዳው ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃ ወደ ሶዳው አይጨመርም። እዚያ ላይ «በግምት» ብሎ ነገር የለም።

የመታጠቢያ ኳስ ሲበላሽ የሚጠፋው ጥቂት ዱቄት ነው። ሳሙና ሲበላሽ ግን ዓይን ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ የቡድን መሪዎች ይህን ትምህርት እንደ መግቢያ በር ቢቆጥሩት ደስ ይለናል። በተከታታይ ሦስት ዙር መዝገቡን አሟልቶ የያዘ፣ ልኬቱን ያልዘለለ፣ 24 ሰዓት ለመጠበቅ ትዕግሥት ያሳየ ወጣት 18 ዓመት ሲሞላው ከአዋቂ ጋር ወደ ሳሙና ሥራ ሊገባ ይችላል። ያላሳየው ደግሞ ጎበዝ አይደለም ማለት ሳይሆን ገና ልምምድ ይቀረዋል ማለት ነው።

ወላጆችም ልጃችሁ ከትምህርቱ ሲመለስ «ስንት ሸጥህ?» ወይም «ስንት ሸጥሽ?» ከማለታችሁ በፊት «ዛሬ ምን መዘገባችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። በካምፕ የሚያድግ ልጅ ብዙውን ጊዜ ሌላው የሰፈረለትን ተቀባይ ሆኖ ይኖራል፤ ዱቄቱ፣ ዘይቱ፣ ውሃው ተሰፍሮ ይሰጠዋል። በዚህ ሥራ ግን የሚሰፍረው እሱ ራሱ ነው። የሰፈረው ልክ ሆኖ ሲገኝና እናቱ እግሯን ዘፍዝፋ ስትመርቀው የሚሰማውን ኩራት ቀላል አድርገን አናየውም።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. ሁለቱ ዱቄቶች ደረቅ ሳሉ የማይፈሉት፣ ውሃ ሲነካቸው የሚፈሉት ለምንድን ነው?
2. ትንሽ ትርፍ ውሃ ኳሱን በሙሉ ሊያበላሽ የሚችለው እንዴት ነው?
3. በቤኪንግ ሶዳ ምትክ ቤኪንግ ፓውደር ወይም ማጋዲ የማንጠቀመው ለምንድን ነው?
4. ጤና አዳምና የሎሚ ልጣጭ ከመዓዛዎቹ ዝርዝር የወጡበትን ምክንያት አስረዱ።
5. 16 ኳስ ለመሥራት ከእያንዳንዱ ዕቃ ስንት ግራም ያስፈልጋል?
6. ከላይ ባለው ሂሳብ ከስምንቱ ኳሶች ሦስቱ ቢሰበሩ ቡድኑ ስንት ሽልንግ ይከስራል?

መልሶቹን በቡድናችሁ ተወያይታችሁ በደብተራችሁ ጻፉ። የስድስተኛውን ጥያቄ መልስ ከነአሠራሩ ለመምህራችሁ አሳዩ።

መልካም ሥራ እንመኛለን።